«ተገድጄ ነው» የሚለው መከላከያ እስከ የት ያደርሳል?

አንዲት እናት ወደ ቢሮዬ የገቡት ቀኑ ሊመሽ ሲል ነበር። ቢሮዬ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ደረጃዋ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንግዳ ሁሉ እያለከለከ ይደርሳል። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። «ልጄ፣ የኔ ልጅ ተገዶ ነው፤ እሱን ብቻ ጻፍልኝ» አሉኝ። በእጃቸው የያዙት የክስ ወረቀት ግን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 32(1)(ሀ) እና 671 ጠቅሶ፣ የሃያ ዓመት ልጃቸውን በዋና ወንጀል አድራጊነት ከባድ ውንብድና ፈጽሟል ይላል።

ጉዳዩ ውሳኔ አግኝቶ ከተዘጋ ቆይቷል። እናትየውም ልጁም እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ዝርዝር ግን ቀይሬዋለሁ። ለመጻፍ ያነሳሳኝ የልጁ ታሪክ ብቻ አይደለም። እኛ ጠበቆች መገደድን በመከላከያነት ስናቀርብ አንድ ስሕተት ደጋግመን እንሠራለን ብዬ አምናለሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ደንበኛችንን በነጻ ለማሰናበት ስንል የሕጉን ትልቁን በር ብቻ እንደበድባለን፤ አጠገቡ ያለውን ትንሹን በር ግን ዞር ብለን አናየውም።

በዕለት ንግግራችን «ተገደድኩ» የማንልበት ነገር የለም። ኑሮ አስገድዶኝ ነው እንላለን፤ ይሉኝታ ይዞኝ ፈረምኩ እንላለን፤ ሰርግ ለመሄድ እንኳ እንገደዳለን። የወንጀል ሕጉ ቃሉን እንዲህ በልግስና አይጠቀምበትም። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ መገደድን ያስቀመጠው በሁለት አጫጭር አንቀጾች፣ በ71 እና በ72 ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም፤ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ካረቀቀው ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረስነው ነው። አጫጭር በመሆናቸው ግን ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አንብቦ ያቆማል።

ልዩነቱን ለደንበኞቼ የማስረዳው በአውራ ጣት ነው። አንድ ሰው ሐሰተኛ ውል ላይ አሻራውን አኖረ እንበል። ሁለት ጎረምሶች ክንዱን ጠምዝዘው፣ ጣቱን ቀለም አስነክተው በግድ ወረቀቱ ላይ ቢጫኑት፣ ጣቱ የእሱ ይሁን እንጂ ሥራው የእሱ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ከማኅተም የተለየ ነገር አልነበረም። አንቀጽ 71 ሊቋቋሙት የማይቻል ፍጹም አካላዊ መገደድ የሚለው ይህን ነው። እንዲህ የተገደደ ሰው አይቀጣም፤ በወንጀሉ ተጠያቂ የሚሆነው ያስገደደው ነው። አሁን ደግሞ ማንም እጁን ሳይነካው «ካልፈረምክ ልጅህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንጠብቃታለን» ተባለ እንበል። ሰውየው እየተንቀጠቀጠ፣ ግን በገዛ እጁ፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነ። ፈቃዱ ጎብጧል እንጂ አልጠፋም። ለዚህኛው ሰው ያው አንቀጽ 71 የሚናገረው በሌላ ቃል ነው፤ መገደዱ የኅሊና ከሆነ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በመሰለው ሊያቀልለት ወይም ጨርሶ ሊያስቀርለት ይችላል ይላል። «አይቀጣም» እና «ሊያስቀርለት ይችላል» በወረቀት ላይ የአንድ መስመር ልዩነት ናቸው፤ በማረሚያ ቤት ግን የዓመታት ልዩነት ናቸው።

ከዚያ አንቀጽ 72 ይመጣል። ተገዳጁ ግፊቱን መቋቋም ወይም ድርጊቱን ከመፈጸም መሸሽ ይችል ከነበረ በመሠረቱ ይቀጣል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ የግፊቱን ዓይነትና ክብደት፣ የሰውየውን የግል ሁኔታ፣ በተለይም በአስገዳጁና በተገዳጁ መካከል ያለውን የጉልበት፣ የዕድሜ ወይም የጥገኝነት ግንኙነት መዝኖ ቅጣቱን በመሰለው ሊያቀልለት ይችላል። ትንሹ በር ያልኩት ይህን ነው። በእኔ ግምት በመላው የወንጀል ሕጋችን ውስጥ የኢትዮጵያን ኑሮ ከዚህ አንቀጽ የበለጠ የሚያውቅ አንቀጽ ብዙ የለም። ማን ለማን እንደሚታዘዝ፣ ማን የማን ውለታ እንዳለበት፣ ማን በማን ቤት እንዳደገ ካልተጠየቀ በቀር በአገራችን «ለምን እንቢ አላልክም?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውምና።

እዚህ ላይ ሦስት የሚምታቱ ነገሮችን ፈጠን ብዬ ልለይ። አደጋው ከሰው ዛቻ ሳይሆን ከሁኔታ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከእሳት ለማምለጥ የጎረቤት አጥር ሲፈርስ፣ ጉዳዩ የሚታየው በአንቀጽ 75 ነው። የአለቃ ትእዛዝ በአንቀጽ 73 እና 74 ለብቻው ተቀምጧል። «ለፖሊስ የእምነት ቃል የሰጠሁት ተገድጄ ነው» ማለት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የማስረጃ ጥያቄ ሲሆን መልሱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ይገኛል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚያደባልቁ የመከላከያ ጽሑፎች ዛሬም ያጋጥሙኛል።

ወደ ልጁ ልመለስ። የሚነዳው የሌላ ሰው ባጃጅ ነበር፤ ማታ ማታ ለባለንብረቱ ገቢ ያስገባል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሦስት ሰዎች መናኸሪያ አካባቢ ተሳፍረው ወደ አቶቴ ውሰደን አሉት። ግማሽ መንገድ ላይ ከበስተኋላው የተቀመጠው ሰው ጎኑ ላይ ቢላ አስደግፎ «ዞር እንዳትል፤ ዝም ብለህ ንዳ» አለው። ማረሚያ ቤት ሄጄ ታሪኩን ስድስት ጊዜ አስደግሜዋለሁ። የሰዎቹ ልብስ በየጊዜው ቀለሙን ይለውጥ ነበር፤ ቢላው ግን አልተለወጠም። ሽንኩርት መክተፊያ ነበረ፤ ሰማያዊ የፕላስቲክ እጀታው ተሰንጥቆ በጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ጣቱን ከጎድን አጥንቱ ላይ አላነሳም። አንድ የሞባይል መሸጫ በራፍ ላይ አስቆሙት። ሁለቱ ገቡ፤ ባለቢላው ቀረ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለቱ ከረጢት ይዘው ሮጠው ወጡ፤ ባለሱቁን ደብድበውታል። ልጁ ነዳ። ከከተማው ዳር ሲያደርሳቸው አምስት መቶ ብር ጭኑ ላይ ወርውረው «ቤትህን እናውቀዋለን» ብለውት ወረዱ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው የከሰሰው። ባጃጁን መልሶ ለባለንብረቱ አስረከበ፤ የቀኑን ገቢም ሳያጎድል ከራሱ ኪስ ሰጠ። ቤቱ ገብቶ ተኛ። ለማንም አልተናገረም። ባለሱቁ የባጃጁን የጎን ቁጥር አይቶ ስለነበር ፖሊስ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ አምስት መቶ ብሩም ከፍራሹ ሥር ሳይነካ ተገኘ። ዐቃቤ ሕግ ብሩን «ድርሻው» አለው። ያን ምሽት ከሱቁ ወደ ከተማው ዳር ሲነዳ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ በቆመበት አንድ አደባባይ አልፏል፤ በዚያን ጊዜ ሰዎቹ ገና ከኋላው ነበሩ።

ስለ መገደድ የሚነሳ ክርክር ሁሉ በመጨረሻ «ለምን አልጮኽክም? ለምን ወዲያው ለፖሊስ አላመለከትክም?» ወደሚለው ጥያቄ ይወርዳል። ይህ የእኛ አገር ችሎቶች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የ17 እና የ19 ዓመት ሁለት ወጣት ሴቶች በአንድ የአካል ጉዳት ክስ ምስክር ሆነው ቀርበው በሐሰት መሰከሩ። እውነቱን ከተናገሩ እንደሚጎዷቸው ያስጠነቀቋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ከዛቾቹም አንዱ ችሎቱ ውስጥ ከታዳሚው መካከል ተቀምጦ ያያቸው ነበር። በሐሰተኛ ምስክርነት ሲከሰሱ የሥር ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊስ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ምን ያስፈራል ብሎ መከላከያቸውን ዘጋው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርዱን ሻረው። ዛቻው በችሎት ውስጥ ሊፈጸም ባይችልም በዚያው ምሽት በሳልፎርድ ጎዳናዎች ላይ ሊፈጸም ይችላል፤ የፖሊስ ጥበቃም ሁልጊዜ አያዋጣም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ይህን ሰፊ አመለካከት መልሶ አጠበበው፤ ወደ ፖሊስ ለመሄድ ጊዜ የነበረው ሰው ለመገደድ መከላከያ በቀላሉ እንዳይበቃ አደረገ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ዳኞች ጋር ነኝ። በጠባብ ከተማ የሚኖር ሰው፣ የዛተበት ሰው ነገ ጠዋት ከዚያው ቡና ቤት በራፍ ላይ ቆሞ እንደሚያገኘው ያውቃል። ሐዋሳ ደግሞ፣ የሕንፃዎቿ ቁመት ቢያድግም፣ ባጃጅ ነጂ ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት።

ዛቻው የሞት ዛቻ ሆኖ የተፈጸመው ወንጀል ደግሞ ግድያ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በዚህ ላይ በሩን ዘግቷል፤ ነፍስ ያጠፋ ሰው ተገድጄ ነው ብሎ ነጻ አይወጣም። የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ የወንጀል ዝርዝር አላስቀመጠም። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ድራዠን ኤርዴሞቪች ነው። ጁላይ 16 ቀን 1995 (እ.ኤ.አ.) የ23 ዓመት ወታደር ሳለ፣ በቦስኒያ ብራንዬቮ እርሻ፣ ከስሬብሬኒካ በአውቶቡስ እየተጫኑ የመጡ ሰዎችን እንዲረሽን ታዘዘ። እንቢ ሲል «ካዘንክላቸው አብረህ ተሰለፍ» ተባለ፤ ሚስትና ገና ሕፃን የሆነ ልጅ ነበሩት። ተኮሰ፤ ሰባ ያህል ሰው ሳይገድል እንዳልቀረ በራሱ አንደበት ተናግሯል። ሄግ ላይ የተሰየመው የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ፍርድ ቤት ይግባኝ ሰሚ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1997 በሦስት ለሁለት ድምፅ፣ ንጹሐንን የገደለ ወታደር በመገደዱ ከኃላፊነት ነጻ አይሆንም አለ። በሐሳብ ከተለዩት አንዱ ዳኛ አንቶኒዮ ካሴሴ ነበሩ፤ ወታደሩ ቢሞትም ሟቾቹ በሌላ እጅ መሞታቸው የማይቀር ከነበረ ሕግ ከሰው ሰማዕትነትን ሊጠይቅ አይገባም የሚል ክርክር አቀረቡ። በሚቀጥለው ዓመት ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት ሲጻፍ በአንቀጽ 31 መገደድን ከኃላፊነት ነጻ ከሚያወጡት ምክንያቶች መካከል ቆጠረው፤ ያም ጠበቅ ካሉ መመዘኛዎች ጋር። ኤርዴሞቪች ራሱ የት እንደደረሰ ግን ልብ ይሏል። በመጀመሪያ አሥር ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ እንደገና ሲታይ አምስት ዓመት ሆነ። ትልቁ በር ተዘግቶበት በትንሹ በር ወጣ ማለት ነው።

የእኔ ደንበኛ ኤርዴሞቪች አይደለም፤ ማንም በእጁ አልሞተም። ነገር ግን የመከላከያ ጽሑፉን ረቂቅ ስጀምር ሙሉ በሙሉ በአንቀጽ 71 ላይ አቁሜው ነበር። ቢላ ነበረ፣ ሦስት ለአንድ ነበሩ፣ ጨለማ ነበር፤ ስለዚህ በነጻ ይሰናበት። ረቂቁን ሳነበው የማይጥም ነገር ነበረበት። ቢላው ከጎኑ ከተነሳ በኋላስ? ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ያሰኘው ምንድን ነው? የማያውቃቸው ወንበዴዎች «ቤትህን እናውቀዋለን» ቢሉት ቤቱን ከየት ያውቁታል?

መልሱን የሰጡኝ እናትየው ናቸው። በሦስተኛው ጉብኝታቸው፣ አሁን ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየጠቀለሉ «አንደኛው የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። ልጁን ከገጠር ያመጣው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ቤቱ አኑሮታል። ባጃጁን ሲረከብ ለባለንብረቱ በእጅ በተጻፈ ውል ዋስ ሆኖ የፈረመውም እሱ ነው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠዋል። ልጁ ለፖሊስ በሰጠው ቃል «አንዳቸውንም አላውቃቸውም» ብሎ ነበር። እናትየውም እስከዚያች ቀን ዝም ያሉት ወንድማቸውን ፈርተው ነው። «እማማ፣ ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?» ስላቸው «ወንድሜ ምን ይለኛል?» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጊዜ የጠበቃ ልብ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ዝምድናው ከተነገረ ዐቃቤ ሕግ «አብረው የዶለቱ ዘመዳሞች» ለማለት ይመቸዋል፤ ልጁም ለፖሊስ እንደዋሸ ይጋለጣል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ፈርቶ እንድተወው መክሮኛል። ነገር ግን አንቀጽ 72ን እንደገና ሳነበው የሚጠይቀው ልክ ያንን ነው፤ ጉልበት፣ ዕድሜ፣ ጥገኝነት። ከማያውቁት ወንበዴ ቢላ መሸሽ ይቻል ይሆናል፤ ምግቡን ከበሉት፣ ቤቱ ካደሩት፣ ፊርማው ከኪስዎ ካለ ሰው መሸሽ ግን ሌላ ነገር ነው። አንቀጽ 82ም በጠቅላላ የቅጣት ማቅለያዎች መካከል ሊታዘዙት ግድ በሆነ ወይም ኑሮን በሚደገፉበት ሰው ተጽዕኖ ሥር ሆኖ መሥራትን ይቆጥራል። ለወራት «አያውቃቸውም» እያልን ስንደብቀው የነበረው ነገር ሕጉ አምጡልኝ ብሎ የሚጠብቀው ማስረጃ ነበር። ሌላውም ነገር ቢሆን ዳኛ ፊት እያወቁ ሐሰት ማቆም የማይደፈር ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ አልቆይም።

ጽሑፉን ቀደድኩና እንደ አዲስ ጻፍኩት። በመጀመሪያ አንቀጽ 71 ሁለተኛው ክፍል፣ እሱ ባይሆን አንቀጽ 72፣ ያም ባይሆን 82። የመከላከያ ማስረጃ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ያስቀመጥኩት ያንን የዋስትና ውል ነው። ባለንብረቱ ቀርቦ ልጁ ዋስ ባይኖረው ኖሮ ባጃጁን እንደማይሰጠው መሰከረ። የግቢው ጎረቤት ቀርባ በዚያ ምሽት ልጁ እራት እንቢ ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጦ እንደነበር ተናገረች። የአጎቱ ልጅ በማግስቱ ደጋግሞ እንደደወለለት የሚያሳየው የስልክ ጥሪ ዝርዝርም ቀረበ።

ልጁ ራሱ ቃሉን ሲሰጥ ከዳኞቹ አንዷ «አምስት መቶ ብሩን ለምን አልመለስክም?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ትንሽ ዝም አለና «ለማን ልመልሰው?» አለ። እንደ ድፍረት ተቆጥሮ እንዳይከፋበት ሰጋሁ። ዳኛዋ ግን ብዕራቸውን አንስተው ጻፉ።

ፍርዱ ሦስት ቀጠሮ ተሻግሮ መጣ። መገደዱ ፍጹም አልነበረም፤ ልጁ አደባባዩ ላይ የትራፊክ ፖሊሱን ሊጠራ፣ በኋላም ሊያመለክት ይችል ነበር፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ነው። ቅጣቱ ግን በአንቀጽ 72 መሠረት ወረደ፤ ምክንያቱ ሲነበብም የዕድሜው ልዩነት፣ የሁለቱ ዓመት መኖሪያና የዋስትናው ውል በየተራ ተጠቅሰዋል። በእስር ያሳለፈው ጊዜ ሲታሰብለት ጥቂት ወራት ብቻ ቀሩት። አደባባዩን በተመለከተ ፍርድ ቤቱ ያለውን ዛሬም አልቀበለውም፤ ሰዎቹ ገና ከኋላው ነበሩና። ይግባኝ እንበል ብዬ ጠይቄያቸው ነበር፤ ቤተሰቡ አልፈለገም።

የፍርዱን ግልባጭ ለመውሰድ እናትየው ብቻቸውን መጡ። «ተገዶ መሆኑን ካመኑ ጥፋተኛ ያሉት ለምንድን ነው?» አሉኝ። ስለ ፈቃድ መጉበጥና መጥፋት፣ ስለ አውራ ጣቱ ምሳሌ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ የገባቸው አልመሰለኝም፤ ወይም ገብቷቸው አልተስማሙም። ከዚያ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ዘቅዝቀው አዩትና፣ ማንበብ ስለማይችሉ መልሰው ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«የወንድሜ ልጅ ስም ውስጡ አለ?»

«አለ፣ እማማ።»

ወረቀቱን አራት አጠፉት፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።